እረኛው ሲጮህ

ተኩላ ሳይመጣ «ተኩላ መጣ!» እያለ የመንደሩን ሰው የሚያሯሩጠውን እረኛ ታሪክ ያልሰማ ልጅ በአገራችን የለም ማለት ይቻላል። የተረቱ ፍርድም የታወቀ ነው። እረኛው ዋሸ፤ ሰው እምነት አጣበት፤ እውነተኛው ተኩላ የመጣ ዕለት ደራሽ አላገኘም። እኔን ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። እረኛው በእርግጥ ተኩላ አይቶ ቢሆንስ? ሰዎቹ ዳገቱን እስኪወጡ ድረስ ተኩላው ጫካ ገብቶ ቢሆንስ?

ጥያቄውን ያመጣብኝ የበግ ሳይሆን የኮምፒዩተር ነገር ነው። ለአንድ የሶፍትዌር ድርጅት የአጠቃቀም መመሪያ እንድጽፍ በኮንትራት ተቀጥሬ፣ ለጥቂት ወራት ከፕሮግራመሮች ጋር ውዬአለሁ። ሥራቸው በሽተኞች ከቤታቸው ሆነው የሐኪም ቀጠሮ የሚይዙበትን ድረ ገጽ መሥራት ነበር። መመሪያ የሚጽፍ ሰው ገጹ የሚያደርገውን አይቶ ነውና የሚጽፈው፣ ገጹ ቃሉን መጠበቁን ከሚፈትሹት ሰዎች አጠገብ ተቀመጥሁ።

ፈተናውን የሚያካሂደው እንኳ ሰው አይደለም። ብራውዘሩን የሚከፍት፣ ስም የሚጽፍ፣ ቁልፍ የሚጫን፣ መልሱን የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ከእነዚህ መሣሪያዎች ስሙ የገነነው ሰሌኒየም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ ውስጥ ቶትዎርክስ በሚባል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጄሰን ሃጊንስ የጀመረው ሲሆን፣ ስሙ የወጣው በቀልድ ነው። በዚያን ጊዜ በፍተሻ መሣሪያ ገበያ የታወቀው ተፎካካሪ መርኩሪ፣ ማለትም «ባዜቃ» የሚል ስም ነበረው፤ ሰሌኒየም ደግሞ የባዜቃን መርዝ ያረክሳል ይባላል።

እንግዲህ ይህ ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ ያለፈውን ፈተና በአረንጓዴ፣ የወደቀውን በቀይ ያሳያል። አረንጓዴ ከሆነ ደግ፤ ቀይ ከሆነም ጥፋቱ ይታረማል። ችግሩ ግን ጠዋት አረንጓዴ፣ ከሰዓት በኋላ ቀይ፣ ማታ ደግሞ ተመልሶ አረንጓዴ የሚሆነው ፈተና ነው። ከፕሮግራሙ አንዲት ፊደል ሳትነካ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል። ወላዋይ እንበለው።

መወላወሉ ከየት መጣ? ድሮ ድረ ገጽ ከሰርቨሩ ሙሉ ሆኖ ይመጣ ነበር። ዛሬ አስቀድሞ የሚመጣው ባዶ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ዕቃውን እየተመላለሰ የሚያስገባው ጃቫስክሪፕት ነው፤ ያ ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ለኔትስኬፕ የመጀመሪያውን ቅጂ በ10 ቀናት የሠራው ቋንቋ። ጃቫስክሪፕት ዳታቤዙን ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ወይም ቁልፉን ገጹ ላይ ያኖራል። ሰው ቁልፉ እስኪወጣ ድረስ መጠበቁን እንኳ ሳያውቅ ይጠብቃል። ማሽኑ ግን ዓይን ከሚርገበገብበት ፍጥነት በፊት ገና ያልተሠራውን ቁልፍ ሊጫን ይሄድና «የለም» ብሎ ይመለሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ለዚህ ደዌ የተለመደው መድኃኒት «እያንዳንዱ ፈተና 5 ሰከንድ ይተኛ» ማለት ነው። ፈተናዎቹ 300 ከሆኑ 1,500 ሰከንድ፣ ማለትም 25 ደቂቃ በእንቅልፍ አለቀ። ዳታቤዙ በ6ኛው ሰከንድ ከመለሰ ደግሞ እንቅልፉም አልጠቀመም። ጀበና ላይ ያለ ቡና ሲፈላ ይወርዳል እንጂ ቁጥር ተቆጥሮ አይወርድም። ትክክለኛው መንገድም ሰዓትን ሳይሆን ምልክትን መጠበቅ ነው፤ ቁልፉ እስኪታይ፣ ዝርዝሩ እስኪሞላ፣ ከዚህ ካለፈ ግን ይብቃ የሚል ወሰን አበጅቶ።

ሁለተኛው መንሥዔ ከገጹ ጀርባ ነው። ፈተናው ለራሱ የሚሆን በሽተኛ ዳታቤዙ ላይ ይመዘግባል፤ ነገር ግን ምዝገባው ካልጸደቀ፣ በሌላ መስመር የገባው ሰርቨር አያየውም። ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ያለ፣ ማኅተም ያልተመታበት ደብዳቤ ለሌላው ክፍል እንደሌለ እንደሚቆጠር ማለት ነው።

በዚህ የሚቸገሩት ትንንሾቹ ብቻ አይደሉም። አንድ የጉግል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገለጸው፣ ከኩባንያው ፈተናዎች 16 በመቶ የሚያህሉት በመጠኑም ቢሆን ይወላውላሉ። ያልፍ የነበረ ፈተና ድንገት ሲወድቅ ደግሞ፣ ከ100ው በ84ቱ ወላዋይ ፈተና አለበት። ታዲያ ፕሮግራመር ቀይ ሲያይ «ተወው» ቢል ይፈረድበታል? የመንደሩ ሰዎችም እኮ ሰልችቷቸው ነው።

እኔ በነበርሁበት ቢሮ አንድ ፈተና እንዲህ ያደርግ ነበር። በሽተኛ ይመዘግባል፤ ባዶ የሆነውን የመጀመሪያ ሰዓት መርጦ ቁልፉን ይጫናል፤ «ቀጠሮዎ ተይዟል» የሚለውን ያነባል፤ ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ዝርዝር ገብቶ ስሙን ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ያገኘዋል። አንዳንዴ ግን ስሙ የለም። ደግመው ሲያስኬዱት አለ።

«እትዬ፣ ይኼ ፈተና ዓመሉ ነው» አለ አንድ ወጣት ፕሮግራመር። «ሲወድቅ ራሱን ሦስት ጊዜ ይድገም፤ አንዴ ካለፈ አለፈ እንበል።»

የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ ዝምተኛ ሴት ናቸው። «ዓመል ያለው ሰው ነው፤ ኮምፒዩተር ምን ዓመል አለው?» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ፈተናው በወደቀ ቁጥር የገጹ ፎቶግራፍ እንዲቀመጥ አደረጉ። የብራውዘሩን፣ የሰርቨሩንና የዳታቤዙን መዝገብ ጎን ለጎን ደርድረው ሰዓታቸውን እስከ ሰከንድ ክፋይ አመሳከሩ። በሦስተኛው ቀን ተኩላው ታየ።

ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ፈተናዎቹ ብዙ ሆነው ባንድ ላይ ይሄዱ ነበር። አልፎ አልፎ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓትን ባዶ ሆኖ ያገኙታል፤ ሁለቱም ይጫናሉ። ዳታቤዙ አንድ ሰዓት ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ ሕግ አለውና አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ይመልሳል። ገጹ ግን ፈጣን ለመምሰል ሲል የዳታቤዙን መልስ ሳይጠብቅ ለሁለቱም «ቀጠሮዎ ተይዟል» ይላል።

ወጣቱ ቅን ልጅ ነውና ወዲያው መፍትሔ አመጣ። ለእያንዳንዱ ፈተና የየራሱ ሐኪምና የየራሱ ቀን ይሰጠው፤ እንዳይጋጩ። የሙያው መጻሕፍት የሚመክሩትም ይህንኑ ነው። ያን ያህል ቢደረግ ሁሉም አረንጓዴ በሆነ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ፈተናዎች ሁለት በሽተኞች ናቸው። ገጹ ሥራ የጀመረ ዕለት፣ ልጇን አዝላ በሌሊት ከሰንዳፋ የተነሣች እናት «ተይዟል» የሚለውን ስልኳ ላይ አይታ ትመጣና፣ መስኮቱ ላይ «ስምሽ የለም» ትባላለች። እሷ ደግሞ ድጋሚ የሚያስኬዳት የለም።

ኃላፊዋ ምክሩን አልናቁትም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ገለበጡት። አስቀድሞ ገጹ ዳታቤዙ እስኪመልስለት አፉን እንዲይዝ ተደረገ። ቀጥሎ፣ ሆን ብሎ ሁለት በሽተኛ ወደ አንድ ሰዓት የሚልክ አዲስ ፈተና ተጻፈ፤ አንዱ «ተይዟል»፣ ሌላው «ይቅርታ፣ ሌላ ሰዓት ይምረጡ» መባል አለበት። የቀሩት ፈተናዎች እንዳይጋጩ የተለያዩት ከዚህ በኋላ ነው።

ጩኸት በሰማን ቁጥር ተኩላ አለ አልልም። የፈተናው የራሱ ችኮላ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ለማወቅ ግን ዳገቱን ወጥቶ ዱካ ማየት ያስፈልጋል፤ «ልማዱ ነው» ማለት ዱካ ማየት አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ነገር አይቶ የሚጮኸውን «አስቸጋሪ» ብለን ስም ስናወጣለት፣ የምናድነው ጆሯችንን እንጂ በጎቹን አይደለም።

በጻፍሁት መመሪያ ውስጥ «ገጹ ‹ቀጠሮዎ ተይዟል› ካለ ቀጠሮዎ ተይዟል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ላነበበው ሰው ከንቱ ድግግሞሽ ይመስላል።