ሳይመረምሩ ስለ ማጉላት

ትንሽ ድምፅ ትልቅ ድምፅ ይሆናል። ትንሽ ጥርጣሬም ትልቅ ክስ ይሆናል። ሁለቱም የሚሆኑት በጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው አንድን ነገር ከማጉላቱ በፊት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመረምራል። ይህንንም አንድ ጊታር የሚመታ ልጅ ከገዛ እጁ ሥራ ተማረ።

የልጁ ዕድሜ 14 ዓመት ነበረ። የትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ በዓል ቀርቦ ነበርና ከሚዘምሩት ልጆች ጋራ ጊታር እንዲመታ ታዘዘ። ነገር ግን በልምምዱ ጊዜ ከበሮው ሲመታና ልጆቹ ሲዘምሩ የጊታሩ ድምፅ ተዋጠ። የማጉያውን ሣጥን እስከ መጨረሻው ቢከፍተውም አልበቃም።

አጎቱ ራዲዮ ጠጋኝ ነበረ። ልጁም ወደ እርሱ ሄዶ፥ «ጋሼ፥ ጊታሬ አይሰማም። ሌላ ማጉያ የምገዛበት ገንዘብ ደግሞ የለኝም። ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቀው።

አጎቱም፥ «ሌላ ማጉያ አያስፈልግህም። በጊታሩና በማጉያው መካከል የምትገባ ትንሽ መሣሪያ አለች። ስሟ ቡስተር ይባላል፤ የጊታሩን ድምፅ አበርትታ ለማጉያው ታቀብላለች። አንተው ራስህ ትሠራታለህ» አለው።

ከዚህም በኋላ ከመሳቢያው አንድ ትራንዚስተር፥ አራት ሬዚስተር፥ ሁለት ካፓሲተርና አንድ የድምፅ መቆጣጠሪያ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የሁሉንም ሥራ አንድ በአንድ አስረዳው። ሬዚስተር የኤሌክትሪክን ፍሰት ይገታል። ካፓሲተር የሚወዛወዘውን የድምፅ ኃይል ያሳልፋል፤ ቀጥ ብሎ የሚፈስሰውን የባትሪ ኃይል ግን ይከለክላል። ትራንዚስተር ደግሞ በመስኖ ላይ እንደሚቆም በር ነው። ትንሽ እጅ በሩን ሲያንቀሳቅሰው ብዙ ውኃ ይፈስሳል። በሩን የሚያንቀሳቅሰው የጊታሩ ደካማ ኃይል ነው፤ ውኃው ግን ከባትሪው ይመጣል።

ይህ ትራንዚስተር የተባለው ነገር በ1947 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ተገኘ። መጀመሪያ ሠርተው ያሳዩት ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራተይን ናቸው። ከዊልያም ሾክሌይ ጋራ ሦስቱም በ1956 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ቡስተሩም የራሱ ታሪክ አለው። ማይክ ማቲውስ የተባለ ሰው በ1968 በኒው ዮርክ ከተማ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ድርጅት አቋቋመ። ቦብ ማየር የተባለ ወዳጁ የጊታርን ድምፅ የሚያስረዝም ሌላ መሣሪያ ይሠራለት ነበር። ማቲውስ ሊያየው በሄደ ጊዜ ከመሣሪያው ፊት አንዲት ትንሽ ሣጥን ተሰክታ አገኘ። «ይህችስ ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀ። የጊታሩን ድምፅ አስቀድማ የምታበረታ፥ በውስጧም አንድ ትራንዚስተር ብቻ ያለባት ሣጥን ነበረች። ለሽያጭ የተሠራች አልነበረችም። እርሱ ግን ትንሽ ናት ብሎ አልናቃትም፤ ኤል ፒ ቢ 1 ብሎ ሰይሞ ለገበያ አወጣት። እስከ ዛሬም ድረስ ሥራን የሚማሩ ብዙ ሰዎች የእርስዋን አሠራር እየተከተሉ ይሠራሉ።

አጎቱ ለልጁ የሰጠው ሥራም ይኸው ነበረ። ነገር ግን፥ «አሁን በብየዳ አታጣብቀው። መጀመሪያ በብሬድቦርድ ላይ ሞክረው» አለው።

ብሬድቦርድ ማለት በእንግሊዝኛ የዳቦ መቁረጫ ሰሌዳ ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ራዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ከወጥ ቤት የእንጨት ሰሌዳ ወስደው፥ ምስማር መትተው ሽቦዎቻቸውን በእርሱ ላይ ያስሩ ነበር። ስሙ ከዚያ ቀረ። የዛሬው ብሬድቦርድ ግን ብዙ ቀዳዳ ያለበት የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። በመካከሉ አንድ ቦይ አለ። ከቦዩ ወዲህና ወዲያ አምስት አምስት ቀዳዳዎች ከሥር ባለ ብረት እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። በዳርና በዳሩ ደግሞ የባትሪው ኃይል የሚሄድባቸው ረጃጅም መስመሮች አሉ። ሽቦውን መሰካት ነው እንጂ ብየዳ የለበትም። ስለዚህ የተሳሳተ ነገር ቢኖር ወዲያው ይነቀላል።

ልጁ ማታ በቤቱ ተቀምጦ ሥራውን ጀመረ። ሰባት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሙም አጠገቡ ተቀምጦ ሽቦ ያቀብለው ነበር። የሬዚስተሮቹ መጠን በቀለም ስለሚታወቅ ልጁ ቀለማቸውን በጥንቃቄ አነበበ። ብጫ፥ ሐምራዊና ብጫ ያለበት 470 ሺህ ኦም ነው። ብጫ፥ ሐምራዊና ብርቱካን ያለበት ግን 47 ሺህ ኦም ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ሦስተኛው ቀለም ብቻ ነው፤ ቢለዋወጡ ትራንዚስተሩ ሥራውን በደንብ አይሠራም።

ትራንዚስተሩ ቱ ኤን 3904 የሚባለው ነበረ። ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ ሠራተኛው ሲዞር፥ ከግራ ወደ ቀኝ ሦስቱ እግሮቹ ኤሚተር፥ ቤዝና ኮሌክተር ይባላሉ። ልጁም የጊታሩን ሽቦ በአንዱ ካፓሲተር በኩል ወደ ቤዙ አደረሰ። ከቤዙ 470 ሺህ ኦሙን ወደ ፖዘቲቩ፥ 47 ሺህ ኦሙን ወደ ኔጌቲቩ መስመር ሰካ። ከኮሌክተሩ 10 ሺህ ኦሙን ወደ ፖዘቲቩ፥ ከኤሚተሩ 390 ኦሙን ወደ ኔጌቲቩ አደረገ። በመጨረሻም ከኮሌክተሩ በሁለተኛው ካፓሲተር በኩል ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው፥ ከዚያም ወደ ማጉያው የሚሄደውን ሽቦ አገናኘ።

ሥራው ሁሉ ተፈጸመ፤ ነገር ግን ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ ገና አልተገዛም ነበር። ስለዚህ ልጁ ሳይሞክረው ተኛ።

በማግሥቱ ባትሪውን ገዝቶ መጣ። ጓደኞቹንም ሊያሰማቸው ጠርቶ ነበርና ሦስት ሆነው መጡ። ባትሪውን በመስመሮቹ ግራ ጫፍ ሰክቶ የጊታሩን ክር መታ። ቡስተሩ ዝም አለ። ደግሞ መታ፤ አሁንም ዝም አለ። ከጓደኞቹ አንዱ ሳቀ።

ልጁም እጅግ አፈረ። ማታ ወንድሙ ከጠረጴዛው አጠገብ እንደ ነበረ ትዝ አለው። ያን ጊዜ ፊቱን ወደ እርሱ አዙሮ፥ «አንተ ነህ ያበላሸኸው! የነካኸው ሁሉ ይበላሻል!» ብሎ በጓደኞቹ ፊት ጮኸበት። ትንሹ ልጅ፥ «እኔ አልነካሁትም» አለ፤ የሰማው ግን አልነበረም። እያለቀሰ ወደ ጓሮ ወጣ። ምሳ ሲቀርብም አልመጣም።

አመሻሹ ላይ አጎታቸው ቴስተር የሚባለውን መለኪያ ይዞ መጣ። ልጁ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ወንድሙንም ከሰሰ። አጎቱ አልተቈጣም፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀው። «ትናንት ማታ ይህ ሥራ ድምፅ ሰጥቶ ነበርን?»

«አልሰጠም ጋሼ፤ ባትሪ አልነበረም።»

«እንግዲያስ ወንድምህ ምን አበላሸ?»

ልጁ የሚመልሰው አጣ።

አጎቱም፥ «በጥርጣሬ አንጀምር፤ ከባትሪው እንጀምር» ብሎ ቴስተሩን ሰጠው። ልጁ ባትሪውን ለካ፤ 9 ቮልት ሆነ። የመስመሩን ግራ እኩሌታ ለካ፤ አሁንም 9 ቮልት ሆነ። ቀኝ እኩሌታውን በለካ ጊዜ ግን ምንም አልነበረም። ጐንበስ ብሎ ቢያየው፥ በመስመሩ ዳር የተሣለው ቀይ ቀለም በሰሌዳው መካከል ላይ ተቋርጧል። ከሥር ያለው ብረትም እንዲሁ በዚያ ቦታ የተቋረጠ ነበረ። ብዙ ብሬድቦርዶች እንዲህ ሆነው ይሠራሉ። ትራንዚስተሩና ሬዚስተሮቹ የተሰኩት በቀኝ በኩል ስለ ነበረ የባትሪው ኃይል ከቶ አልደረሰባቸውም። ስሕተቱ የልጁ ነበረ፤ ትንሹ ወንድሙ ምንም አላደረገም።

ልጁ በሁለት አጫጭር ሽቦዎች የፖዘቲቩንና የኔጌቲቩን መስመር አገናኘ። ደግሞም ለካ። በቤዙ ላይ 0.8 ቮልት፥ በኤሚተሩ 0.2 ቮልት፥ በኮሌክተሩ 4 ቮልት ገደማ ሆነ። ይህም ትራንዚስተሩ ነቅቶ ሥራውን እንደ ጀመረ የሚያሳይ ምልክት ነው። ክሩን በመታ ጊዜ ድምፁ ቤቱን ሞላው።

ነገር ግን ከጊታሩ ድምፅ ጋራ አንድ ከባድ እምምታ ተሰማ። ልጁ፥ «ቡስተሩ ክፉ ነው እንዴ?» አለ።

አጎቱም እንዲህ ሲል መለሰለት። «ቡስተር በጎውንና ክፉውን አይለይም፤ የገባለትን ሁሉ ከ20 ጊዜ በላይ ያጎላዋል። ይህ እምምታ ከቀድሞም ነበረ፤ ትንሽ ስለ ነበረ ግን አላስተዋልኸውም። የመጣበትን ፈልግ።» የጊታሩን ሽቦ መሰኪያ ፈትተው ቢያዩ፥ ዙሪያውን የሚሸፍነው ስስ ሽቦ ሊበጠስ ጥቂት ቀርቶት አገኙት። አጎቱ በብየዳ አጣበቀው፤ እምምታውም ጠፋ።

ልጁ ግን ደስ አላለውም። በዚያች ሰዓት ራሱም እንደ ቡስተሩ እንደ ሆነ አስተዋለ። ትንሽ ጥርጣሬ ገባችለት፤ እርሱም ሳይመረምራት አጉልቶ በሰው ፊት አወጣት። በብሬድቦርድ ላይ ያለ ሽቦ ይነቀላል፤ ከአፍ የወጣ ቃል ግን አይነቀልም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚባለው ስለዚህ ነው።

በማግሥቱ እነዚያን ሦስት ጓደኞቹን እንደ ገና ጠራቸው። እነርሱ ቡስተሩን ሊሰሙ የመጡ መሰላቸው። ልጁ ግን ጊታሩን ሳይነካ ወንድሙን በእጁ ይዞ፥ «ትናንት ይህን አበላሸ ያልሁት ሐሰት ነው። የተሳሳትሁ እኔ ነኝ። እርሱ አልነካሁም ሲል እውነቱን ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። ወንድሜ፥ ይቅር በለኝ» አለ። ክሱን በሰው ፊት እንደ ተናገረው፥ ይቅርታውንም በሰው ፊት ተናገረ።

ትንሹ ልጅ ጥቂት ዝም አለ። ኋላም፥ «እንግዲያስ በበዓሉ ቀን ባትሪውን የምሰካው እኔ ልሁን» አለ።

በበዓሉም ቀን ባትሪውን የሰካ እርሱ ነበረ። ከበሮው ተመታ፤ ልጆቹ ዘመሩ፤ ጊታሩም ከሁሉ ጋራ ተሰማ። ልጁ የድምፅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው አልከፈተውም፤ የሚበቃውን ያህል ብቻ ከፈተው።

ጊታርን የሚመታ ሰው ክሮቹንና ሽቦውን ሳያይ ድምፁን ከፍ አያድርግ። ወንድሙን የሚጠረጥር ሰውም አስቀድሞ የራሱን ሥራ ከመነሻው ጀምሮ ይለካ። መርምሮ የሚናገር ሰው ቃሉ ትንሽ ቢሆንም ይሰማል፤ ሳይመረምር የሚጮህ ሰው ግን የሚያጎላው የገዛ ስሕተቱን ነው።