ከተሞክሮዬ፦ ምስጋና ያለፈውን ሲነካ

ምስጋና ስምና ድርጊት ይፈልጋል። «ተመስገን ነው» የሰላምታ መልሳችን ነው፤ የደላውም ሆዱ ያረረውም እኩል ይለዋል። እኔን ያሳረፈኝ እሑድ ማታ ደብተሬ ላይ የማሰፍረው ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገልኝ። በየቀኑ ስጽፍ ጣዕሙ ይጠፋብኛል፤ በሳምንት አንዴ ይበቃኛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማኩላ በ2003 እ.ኤ.አ. ካሳተሟቸው ጥናቶች በአንዱም ተማሪዎች የጻፉት በሳምንት አንዴ ነበር። ለ10 ሳምንታት የሚያመሰግኑበትን የጻፉት፣ የሚያማርራቸውን ከጻፉት ይልቅ በሕይወታቸው ደስተኞች፣ ለመጪው ሳምንትም ተስፈኞች ሆነው ተገኝተዋል።

ያልጠበቅሁት ግን ምስጋናው ወደ ኋላ መሄዱን ነው። አባቴ በክረምት ሲሞት ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ለዓመታት ያ ክረምት ሲነሳ የሚታየኝ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መቀመጧ ብቻ ነበር። መጻፉን ከለመድኩ በኋላ በዚያው ትዝታ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ በዝናብ ድንኳን የተከሉት የዕድሩ ሰዎች፣ እናቴን እህል ለማቅመስ እያባበሉ ያደሩት ጎረቤቶች፣ መስከረም ሲጠባ ደብተርና እስክሪብቶ የሰጠኝ የሰፈሩ ባለሱቅ። ያኔም ነበሩ፤ ኀዘኑ ጋርዷቸው ነው። «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይባላል፤ እኔን ግን ባለፈው ክረምት ማን ጣራ እንደሆነልኝ ማወቄ ዛሬ ያሳርፈኛል። አባቴ አሁንም ይናፍቀኛል። ግን ብቻዬን የቀረሁ አይመስለኝም።

ፊሊፕ ዋትኪንስና ባልደረቦቹም በ2008 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። ካልተቋጨ መጥፎ ትዝታቸው ውስጥ ሊያመሰግኑበት የሚችሉትን ፈልገው የጻፉ ሰዎች፣ ትዝታው የሚያሳድርባቸው ሕመም ከሌሎቹ ይልቅ ቀለል ብሎላቸዋል።

ለበደል ግን አይመሰገንም። ልጅን የደበደበ አስተማሪ «አጠነከረኝ» ተብሎ ሲወደስ ስሰማ ያመኛል። የማመሰግነው በችግሩ ውስጥ ያገኘሁትን ሰው ነው፤ ችግሩን አይደለም።

ኀዘን ላይ ያለን ሰው «ተመስገን በል» አልልም። የኢዮብ ወዳጆች ለ7 ቀንና 7 ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መቀመጣቸው፣ በኋላ ከተናገሩት ሁሉ ይበልጥብኛል። እንቅልፍ ላጣ፣ የምግብ ፍላጎቱ ለተዘጋበት፣ መኖር ላስጠላው ሰው ደግሞ ደብተር አይበቃም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ምስጋናን በአካል ሄዶ መናገር ከመጻፍ ይከብዳል፤ ለእኔ የሚሰጠኝም ይበልጣል። ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በወጉ ያላመሰገኑትን ሰው የምስጋና ደብዳቤ ጽፈው ያደረሱ ሰዎች ደስታቸው ጎልቶ ጨምሮ እስከ አንድ ወር ቆይቷል። እኔ ባለሱቁን ፈልጌ አገኘሁት። ደብተሩን ጨርሶ አያስታውሰውም። «አባትሽኮ ሱቁን ስከፍት ዋስ የሆነኝ እሱ ነው» አለኝ። ይህን ቤታችን ውስጥ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። አባቴን የማውቀው በሕመሙና በሞቱ ነበር፤ ለሰው የቆመ ጎልማሳ ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ለማመስገን ስሄድ ጥያቄም ይዤ እሄዳለሁ። ቀጥሎ የማመሰግናቸው አባቴ ሲሞት የዕድሩ ዳኛ የነበሩት አዛውንት ናቸው፤ አርጅተዋልና ከፋሲካ በፊት እሄዳለሁ።