ያልቆጠርኳቸው ሁለት መስመሮች



ልጅ ሳለሁ ምኞቴ የባሕር ሥነ ሕይወት መማር ነበር። አገራችን ግን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የላትም። ስለዚህ ባዮሎጂ ተማርኩ፤ ሦስተኛ ዓመት ላይም አራት ኪሎ ካምፓስ ውስጥ የሐይቅ ውሃ የሚጠናበት ላብራቶሪ ገባሁ። ዓሣ አያለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ የተሰጠኝ ሻይ የመሰለ ውሃ የያዘ ትንሽ ጠርሙስ ነው። የቆቃ ሐይቅ ናሙና ነበር፤ ሻይ ያስመሰለው ደቂቅ አልጌዎቹ እንዳይበላሹ የተጨመረበት አዮዲን ነው።

ሥራዬ መቁጠር ሆነ። የመቁጠሪያው መስታወት 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻ ይይዛል፤ ወለሉ በ1,000 ትንንሽ ካሬዎች የተከፋፈለ ነው። በማይክሮስኮፕ እያየሁ የታዘዝኩትን መስመር እቆጥራለሁ። በተለይ የምንፈልገው ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን ነው። ሲበዛ ሐይቁን አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ያስመስለዋል፤ ጉበት የሚጎዳ መርዝም ያመነጫል። ቆቃ ዳር ደግሞ ያንን ውሃ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሁለት መስመር ሲቀረኝ መግሪብ ደረሰ። የቀሩትን ከቆጠርኳቸው ተነስቼ ገመትኩና ጻፍኩ። መስታወቱን አጥቤ፣ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ወደ ፒያሳ ሮጥኩ። ማንም አላየኝም።

በኒን መስጊድ ደርሼ ውዱእ ሳደርግ ግን ውሃው መዳፌ ላይ ሲያርፍ ቆቃ ትዝ አለኝ። ከዚያ ሐይቅ ቀድታ ልጆቿን የምታጠጣ እናት እኔን አታውቀኝም። ሆኖም ውሃው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚባለው እኔ በጻፍኩት ቁጥር ነው። ለሶላት ስሮጥ አማናዬን ጥዬ መጥቻለሁ። ሰገድኩ፤ ልቤ ግን አልረጋም።

በነጋታው ጠዋት መምህሬ ቢሮ ገባሁ። «ዶክተር፣ የትናንቱ ሁለት መስመር አልተቆጠረም፤ ገምቼ ነው የጻፍኩት» አልኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ያልተቆጠረ ቦታ ባዶ ይተዋል እንጂ አይሞላም። ሰርዢውና እንደገና ቁጠሪ» አሉኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ጠሩኝ። «ሶላት ሲደርስ ንገሪኝና ሂጂ። ጠርሙሱ የትም አይሄድም።»

ከጠርሙሱ ሌላ ውሃ ቀድቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ያኔ ነው ስህተቴ የገባኝ። ማይክሮሲስቲስ ተሰባስቦ ስለሚኖር አንዱ መስመር ባዶ ሆኖ ቀጣዩ ጢም ብሎ ይገኛል። ከአንዱ ተነስቶ ሌላውን መገመት አይቻልም።

ላብራቶሪ ለምትገቡ ሁሉ አንድ ምክር አለኝ። የሶላት ሰዓታችሁን በመጀመሪያው ቀን ለመምህራችሁ ንገሩ። እኔ አፍሬ ዝም ስላልኩ ነው ወደ ግምት የገባሁት። ሥራው ካላለቀም ባዶውን ባዶ ተዉት። ሶላቱም ቁጥሩም አማና ነው፤ አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን መጣል የለብንም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ በያዝነውም ታማኞች ያድርገን። አሚን።