ከቀጠሮው በፊት

የፊታችን ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ካለ አንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ቀጠሮ አለኝ። ጸጉሬን ቀለም ልቀባ ነው፤ በ34 ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። የወጣቶች ክፍል አስተማሪ መሆኔን ለሚያውቁ የደነባ ወገኖች ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ሽበት የጀመረኝ ገና ኮሌጅ ሳለሁ ነው፤ በአባቴ በኩል የዘር ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለቱን እየነቀልሁ፣ ኋላም ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ እያደረግሁ ኖርሁ። በደነባ ብርድ ሻሽ ያሰረችን ሴት ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጸጉር ቤቱን የጠቆመችኝ ከአራት ዓመት በፊት ከክፍላችን የቀረች ልጅ ናት። አሁን ደብረ ብርሃን ትማራለች። የዛሬ ሁለት ሳምንት ስደውልላት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ለምን ዝም እንዳለች አውቃለሁ። ያኔ ለፋሲካ ጸጉሯን ቡናማ ተቀብታ መጣች። እኔም ስሟን ሳልጠራ፣ ነገር ግን ልጆቹ ሁሉ ወደ እርሷ እየዞሩ እያዩ፣ 1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3ን ገልጬ አስተማርሁ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ቃሉ ወቅሷት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሰሞኑን ያን ክፍል ደግሜ አነበብሁት። ጴጥሮስ ሹሩባን፣ ወርቅንና ልብስን በአንድ ረድፍ ነው የሚጠራቸው። በዘመኑ የነበሩ ባለጠጋ የሮም ሴቶች ጸጉራቸውን እንዴት እየከመሩ ይሠሩ እንደነበር እስከ ዛሬ የቀሩት ሐውልቶቻቸው ያሳያሉ። ልብስ አትልበሱ ማለቱ እንዳልሆነ ለማወቅ ደግሞ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም፤ ሴት ጌጤ ብላ የምትመካበት ነገር የውስጡ ይሁን ነው የሚለው። ያን እሑድ እኔ ራሴ ሹሩባ ተሠርቼ፣ የአንገት ወርቄን አድርጌ ነበር የቆምሁት። ሹሩባው የአገር ባህል፣ ቀለሙ የዓለም ነው ብዬ የለየሁት እኔ እንጂ ጴጥሮስ አይደለም።

“ያን እሑድ በድዬሻለሁ፤ ይቅርታ” አልኋት በስልክ።

“እሺ” አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ትንሽ ቆይታ፣ “ሪላክሰር ከተቀቡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?” ብላ ጠየቀችኝ። ድሮ አንቺ ነበር የምትለኝ።

ከዚያ እንደ ሐኪም አስጠነቀቀችኝ። ከሪላክሰር በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፍ። ራስ ላይ ቁስል ወይም ጭረት ካለ ቀጠሮው ይተላለፍ። ጸጉር በዕለቱ አይታጠብም፤ የራስ ቆዳ የራሱ ወዝ ይከላከልለታልና አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይታጠባል። ከዚህ በፊት ሂና ከነበረ ለባለሙያዋ ይነገራል፤ ቀለሙ እንደታሰበው ላይሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከ48 ሰዓት በፊት ከሚቀባው ቀለም ጥቂት ከጆሮ ጀርባ ይሞከራል። በብዙዎቹ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል ኬሚካል አለ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ማሳከክና ማበጥ ያመጣል፤ ፊትና ዐይን እስኪያብጥ የሚደርስበትም አለ። አንዳንዱ “ጥቁር ሂና” የሚባለውም ይኸው አለበት፤ በእርሱ አንድ ጊዜ የተቆጣ ቆዳ ቀለሙን መንካት የለበትም። እኔ በበኩሌ ይህን ሁሉ የማላውቅ ሰው ነበርሁ ቀለምን የፈረድሁበት።

ለሳምንት ቅቤም ቀርቶብኛል። እናቴ ለጋውን ይዛ ስትመጣ ምክንያቱን ነገርኋት። “እኔ ለሠርጌ እንሶስላ ስሞቅ እጅና እግሬ ቀላ፤ ማን ምን አለኝ?” አለችና ቅቤውን መልሳ ከደነችው። ከበሩ ላይ ዞር ብላ፣ “የአባትሽ ሽበት ነው፤ ቀቢው እንጂ አትንቀዪው” አለችኝ።

መጽሐፈ ምሳሌ ሽበትን እንደሚያከብር የሚያስታውሰኝ ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው። ለምን ትቀቢያለሽ ብትሉኝም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው፤ ከዚህ የከበረ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። በማቴዎስ 5 ጌታ ስለ መሐላ ሲናገር፣ ሰው የአንዲት ጸጉሩን መልክ እንኳ ለመለወጥ አቅም እንደሌለው ያነሣል። ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ቀለሙ የሚይዘው ከቆዳ የወጣውን ጸጉር ብቻ ነው፤ ሥሩ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እያደገ ነጩን ይዞ ብቅ ይላል።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ማታ ነው። የሙከራውን ቀለም በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ በሚኒባስ ሾፌር ላከችልኝ፤ ዛሬ ጠዋት ቀባሁት። ከጆሮዬ ጀርባ ያለችው ጥቁር ነጥብ እስካሁን አላሳከከችኝም። ነገ ካሳከከችኝ ቀጠሮው ይቀራል። ደብረ ብርሃን ግን እሄዳለሁ፤ “መናኸሪያው ጋ እጠብቅዎታለሁ” ብላኛለች።