የእንጨት ዓሣ ቀለም

ጣና ዳር ዓሣ በመረብ ብቻ ይያዛል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። እኛ አራት የባሕር ዳር ጓደኛሞች ዓሣ ከእንጨት ጠርበን፣ ቀለም ቀብተን፣ በላዩ መስታወት የመሰለ ክሊር አልብሰን ወደ ሐይቁ ስንወረውር ያየን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን «እውነት ይህን ይበላዋል?» ብሎ ነው። ይበላዋል። ሁሉም ዓሣ ግን አይደለም። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው ውኃው ላይ የሚበቅለውን አልጌ ስለሆነ የእኛን እንጨት ዞር ብሎም አያየው። አምባዛ አንዳንዴ ይሞክረዋል። ዋናው ደንበኛችን ባርበስ ነው። ጣና ውስጥ ያሉት ትላልቅ የባርበስ ዝርያዎች በርካታ ሲሆኑ፣ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው እንደሚበሉ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የሚገርመው ደግሞ ባርበስ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ሱብሓነላህ! ያለ መንጋጋ ጥርስ አዳኝ!

የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ዓሣው ሳይሆን ስለ ቀለሙ፣ በተለይም ስለ መጨረሻው ልባስ ነው። እኛን አይተው የጀመሩ ታዳጊዎች በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ዘግተው የመኪና ክሊር ሲረጩ አይተናል። ከአራታችን አንዱ ትንፋሹን ያጣው በዚያ ነገር ነው።

ወንድማችን ሰባት ዓመት መኪና ቀቢ ነበር። የትኛው ጋራዥ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀን ሙሉ ኮምፕሬሰር ይዞ ይረጫል፤ አፍና አፍንጫው ላይ ያለው የታጠፈ ሻሽ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚሠራው የመኪና ክሊር ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ይህ ኬሚካል መጥፎነቱ ሽታው አለማስጠንቀቁ ነው፤ አፍንጫህ ምንም ሳይነግርህ ሳንባህ ይቀበለዋል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ ደግሞ ጥቂቱም ይበቃል፤ ደረት ይጨመቃል፣ ትንፋሽ ያፏጫል። የአቧራ ማስክ አያቆመውም። በትክክል ለመጠበቅ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ የሚገዛ አሠሪ እኛ አላየንም። ሐኪሙ «ከዚህ ሥራ ውጣ፤ ሌላ መድኃኒት የለውም» አለው። የሚረጭበት ክፍል አጠገብ በእግሩ ሲያልፍ እንኳ ያስለዋል። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ የሚያውቀው ብቸኛ ሙያ ተዘጋበት። ባለትዳር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት።

ስድስት ወር ያህል ቤት ዋለ። አናጢው ጓደኛችን ያኔ ለራሱ መዝናኛ የእንጨት ዓሣ ይጠርብ ነበር፤ ቀለሙን ግን ያበላሸዋል። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ሦስት ያልተቀባ ዓሣ ይዘንለት ሄድን። ለማጽናናት ብቻ ነበር። እሱ ግን አንዱን አንስቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና «ይህ ገና አልተለሰነም፤ ማን ነው ቀለም ልቀባ ያለው?» ብሎ ተቆጣን። ከዚያ ወዲህ አለቃችን እሱ ነው።

ይህ ሥራ ከድህነት የተወለደ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ላውሪ ራፓላ የሚባል ፊንላንዳዊ ዓሣ አጥማጅ በፈረንጆች አቆጣጠር 1936 የራሱን የመጀመሪያ ሰው ሠራሽ ዓሣ ከቡሽ ጠረበ። መሣሪያው የጫማ ሰፊ ቢላዋና የብርጭቆ ወረቀት ነበር። ላዩን በቸኮሌት መጠቅለያ ብር ወረቀት አለበሰው፤ ቫርኒሽ ስላልነበረው የፎቶ ኔጋቲቭ አቅልጦ ቀባው። ሐይቅ ላይ ሲውል ትልልቅ ዓሦች ከመንጋው መካከል የቆሰለውንና ዘመም እያለ የሚዋኘውን ትንሽ ዓሣ መርጠው እንደሚያጠቁ አስተውሎ ነበር፤ እሱን ነው የኮረጀው። ዛሬ ስሙ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። የእኛ ወንድም ይህን ሲሰማ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ኔጋቲቩን በምን አቀለጠው?»

እንጨታችን በአብዛኛው ኮርች ነው፤ ቀላልና ለስላሳ ነው። ከበድ ያለ ስንፈልግ ዋንዛ እንጠቀማለን። ከመቀባታችን በፊት መንጠቆውንና ሆዱ ውስጥ የሚገባውን እርሳስ ጊዜያዊ አድርገን አስረን ባልዲ ውስጥ እንሞክረዋለን፤ ካጋደለ ያኔ ነው የሚስተካከለው። ክሊር ክብደት እንደሚጨምርም ማሰብ ያስፈልጋል፤ አፍንጫው ድረስ የሰመጠ ዓሣ ክሊር ሲለብስ ድንጋይ ይሆናል። (እርሳስ የነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይነካም። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ።)

ከዚያ ልሰና ነው። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ቀለሙን ከሥር ይሰነጥቀዋል። ውኃው ብዙ ጊዜ የሚገባው ደግሞ በጎኑ ሳይሆን የእንጨቱ ጭረት በሚያልቅበት በአፍንጫና በጅራት፣ እንዲሁም ሽቦው በሚገባበት ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ቫርኒሹን በአኳራጅ አቅጥነን ሁለት ጊዜ እናጠጣዋለን፤ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ስንጥር ውስጥ ውስጡን እንቀባለን። ጎድጎድ ያለውን በስቱኮ እንሞላና በ240፣ ቀጥሎም በ400 የብርጭቆ ወረቀት እንፈገፍገዋለን። ወንድማችን ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ነው የሚያየው። ጣቱ ካልፈቀደ ቀለም የለም።

መሠረቱ ነጭ ነው። በጥሬ እንጨት ላይ የተቀባ ቢጫ ቡኒ ይመስላል፤ በነጭ ላይ የተቀባ ግን ያበራል። ሆዱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ጎኑ ብርማ ወይም ቢጫ፣ ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። ቅርፊቱን የምንሠራው በሽንኩርት ከረጢት ነው! መረቡን ዓሣው ላይ ወጥረን ጠቆር ያለ ቀለም በስፖንጅ ጠብ ጠብ እናደርግበታለን፤ መረቡ ሲነሣ ቅርፊት ተደርድሮ ይታያል። ስፖንጁ ላይ ያለው ቀለም ደረቅ እስኪመስል ማነስ አለበት፤ ከበዛ መረቡ ሥር ይሮጣል። ስፕሬይ እኛ ዘንድ አይገባም። ውኃ ነክ አክሪሊክ በብሩሽና በስፖንጅ ብቻ!

የጣና ውኃ ደፍራሳ ነው። በጠራ ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። በደፈረሰ ውኃ ግን ቶሎ የሚጠፋው ሰማያዊው ነው፤ ቢጫና ብርቱካናማው ይሻላል። ከሱቅ የመጣ የሚያምር ሰማያዊ ዓሣ እዚህ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ የእኛ ብርቱካናማ ሆድ ያለው ተነክሶ የሚመጣው ለዚህ ይመስለናል።

ዓይን መሣል ላይ ተከራክረናል። ከአራታችን አንዱ ነፍስ ያለውን ነገር ምስል መሥራት ከብዶት ዓይን አልሥልም አለ። ሌሎቻችን ይህ ለውኃ ውስጥ የሚሆን መሣሪያ ነው ብለን ነበር። ማንም ማንንም አላስገደደም። የእሱ ዓሦች ዓይን የላቸውም፤ ጉንጫቸው ላይ አንድ ቀይ ሰንበር ብቻ ነው ያላቸው። ባርበሶቹ ልዩነቱን ሲያደርጉ አላየንም።

አሁን ወደ ክሊሩ። የትኛውም ክሊር ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር መስማማት አለበት። ኃይለኛ ቲነር ያለበት ክሊር በዘይት ቀለም ላይ ሲያርፍ ቀለሙን እንደ አሮጌ ቆዳ ይሸበሽበዋል። በማርከር የተጻፈ ነገር ደግሞ ክሊር ሲነካው ይደማል። ተራ የዘይት ቫርኒሽ ርካሽ ነው፣ በብሩሽ ይቀባል፤ ግን ቢጫ ይሆናል፣ ለመድረቅ በየንብርብሩ አንድ ቀን ይፈልጋል፣ መንጠቆ በቶሎ ይጭረዋል። የመኪናው ክሊር ከሁሉም የሚያምረው ነው፤ ወንድማችን ራሱ ይህን አይክድም። እኛ የምንመርጠው ግን ሁለት እኩል ክፍል የሚቀላቀለውን ኤፖክሲ ነው። አይረጭም፤ በብሩሽ ነው የሚቀባው። እሱም ቢሆን ማር አይደለም፤ ቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ያመጣል፣ ጓንት ግድ ነው። የደረቀውን ስትፈገፍጉም አቧራውን አትማጉት፤ ውኃ ነክራችሁ ፈግፍጉ።

መጠኑ በዓይን ግምት አይሆንም። ከሁለቱ አንዱ ከበዛ ለዘላለም የሚያጣብቅ ዓሣ ይኖራችኋል። ባለ ምልክት መርፌ ገዝተን በእሱ እንለካለን፤ አንዱ ለአንዱ፣ ሁለቱ እንዳይለዋወጡ በቀይ ክር ታስረዋል። ቀስ ብለን እናማስላለን፤ መቸኮል አረፋ ያስገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ኤፖክሲው እንደ ቅቤ ስለሚረጋ ጠርሙሶቹን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እናቆያቸዋለን።

ከተቀባ በኋላ ካልዞረ ወደ ታች ይወርድና ሆዱ ላይ ይንጠለጠላል። ከተበላሸ ማይክሮዌቭ ሳህኑን የሚያዞረውን ትንሽ ሞተር አውጥተን፣ ዓሦቹን በሽቦ እሱ ላይ እንሰቅላለን። በደቂቃ አምስት ስድስት ጊዜ ይዞራል። መብራት ሲሄድስ? በእጅ ነው። ሐሙስ ማታ ከዒሻ በኋላ ቀብተን፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርተን፣ እየተፈራረቅን ሁለት ሰዓት ያህል ያዞርንባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። የሰፈር ወሬ ሁሉ ያኔ ያልቃል። ጁሙዓ ሰግደን ስንመለስ ደርቆ ይጠብቀናል፤ መንጠቆ የምንሰካው ግን ሳምንት ቆይተን ነው፤ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ስለሚጠነክር።

ክረምት ላይ ክሊር አንሠራም። እርጥበቱ ላዩን እንደ ጉም ያለብሰዋል። ደስ የሚለው፣ ያ ጊዜ የማናጠምድበትም ጊዜ መሆኑ ነው፤ ከሐምሌ ጀምሮ ባርበሶች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ እንቁላል የያዘችውን መጥለፍ ዝርያውን እየጨረሰው ነው። ያን ጊዜ እኛ እንጨት እንጠርባለን፣ እናለስናለን፣ ነጩን እንቀባለን፤ ክሊሩ ጥቅምትን ይጠብቃል።

በዚህ ዓመት ወንድማችን የሠራቸውን አሥራ አራት ዓሦች ለእንግዶችና ለከተማው አጥማጆች ሸጧል። እንደ ጋራዡ ደመወዝ አይሆንም፤ ግማሹንም አያክልም። ሚስቱ እንደምትለው ግን ሌሊት የሚያስለው ቀንሷል። ባለፈው ሳምንት ሁለት የሰፈር ልጆች የመኪና ክሊር በጣሳ ይዘው መጥተው «ጋሼ፣ በዚህ ቀባልን» አሉት። ጣሳውን ከነክዳኑ በር ላይ አስቀምጡ አላቸውና ወደ ውስጥ አስገብቶ የብርጭቆ ወረቀት ሰጣቸው። እስከ መግሪብ ሲፈገፍጉ ቆዩ። አንደኛው በጣቱ ማየት ጀምሯል።