ጥፋቱ የዘይቱ ነው ወይስ የእኔ?

ዛሬ ጓዳዬ ውስጥ ስለነበረ አንድ ጣሳ ላጫውታችሁ። የመጥበሻ ዘይት የማጠራቅምበት ጣሳ ነው። ሳምቡሳ የጠበስኩበትን ዘይት አጥልዬ ወደዚያ እመልሳለሁ፤ በማግስቱ ዓሣ፣ በሦስተኛው ቀን ድንች እጠብስበታለሁ። ሲያንስ ከላዩ አዲስ እጨምርበታለሁ እንጂ ደፍቼው አላውቅም። የመጋቢ ቤት እንግዳ አይጠፋበትም፤ ገቢያችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ጣሳዬን የቁጠባዬ ምስክር አድርጌ እቆጥረው ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቴ የደም ምርመራ አድርጎ ሲመለስ ኮሌስትሮሉ ከፍ ማለቱን ነገረኝ። እኔም ቀበል አድርጌ፣ «ይህ ሁሉ ከሸማቾች የምናመጣው የሚረጋ ዘይት ጣጣ ነው!» አልኩ። እርሱ ግን «ዘይቱን ከማማረራችን በፊት ስንት ሳምቡሳ እንደበላሁ ብንቆጥር አይሻልም?» አለኝ። ቀልዱ አላሳቀኝም። አባቱ በልብ ሕመም ያረፉት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ እርሱ ደግሞ አርባ ዘጠኝ ሞልቶታል። ያን ምሽት ተኮራርፈን አመሸን።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ካስተማረኝ ነገር አንዱ፣ አንዲት ክፍል ብቻ ነጥሎ አንብቦ ድምዳሜ ላይ አለመድረስ ነው። ለዘይትም ይህ ይሠራል።

መጀመሪያ ያነበብኩት የእኔን ሐሳብ የሚደግፍ ነበር። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ የመርጋት ጠባይ ያለው ስብ ነው፤ ይህም መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር፣ ይህን ስብ በፈሳሽ የአትክልት ዘይት መተካት የልብና የደም ሥር በሽታን 30 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ገልጿል። «አላልኩህም?» ብዬ ለባለቤቴ አነበብኩለት።

ብዙም ሳልቆይ ሌላ ገጠመኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር የዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርቲን ግሩትቬልድ ልዩ ልዩ ዘይቶችን በመጥበሻ ሙቀት ሲመረምሩ፣ የሱፍና የበቆሎ ዘይት ከወይራ ዘይትና ከቅቤ ይልቅ አልዲሃይድ የተባሉ ጎጂ ነገሮችን በብዛት እንደሚያወጡ አገኙ። ምክንያቱም የእነዚህ ዘይቶች ስብ በሙቀት ጊዜ ከአየር ጋር ቶሎ ስለሚዋሐድ ነው። የእኛ የኑግ ዘይትም ስቡ የዚሁ ዓይነት ነው። እንግዲህ ለልብ የተመሰገነው ዘይት ለመጥበሻ ሲሆን ተነቀፈ! የወይራ ዘይት ደግሞ ዋጋው ከእኛ አቅም በላይ ነው።

አንገቴን ያስደፋኝ ግን በስፔን የተደረገው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ይህ ጥናት 40,757 ሰዎችን ለ11 ዓመታት ያህል ተከታትሎ፣ የተጠበሰ ምግብ የሚያዘወትሩት ከሌሎቹ ይልቅ በልብ ሕመም እንዳልተጠቁ አሳይቷል። እነርሱ የሚጠብሱት በወይራና በሱፍ ዘይት ነው። ተመራማሪዎቹ ግን የሚረጋና ተደጋግሞ ያገለገለ ዘይት በሚጠቀም አገር ውጤቱ እንዲህ ላይሆን እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። የሚረጋና ተደጋግሞ ያገለገለ! ሁለቱም ጣሳዬ ውስጥ ነበሩ።

እህቴ ሆይ፣ የትኛውም ዘይት በተደጋገመ ቁጥር ይበላሻል። ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ አረፋ ያበዛል፣ ይከረፋል። በበርካታ የአውሮፓ አገሮች የተበላሸው ክፍል ወደ 25 በመቶ ሲደርስ ምግብ ቤቶች ዘይቱን እንዲያስወግዱ ይገደዳሉ። እኛ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ጨምረን «ተረፈ» እንላለን።

አሁን ቤቴ ውስጥ ያደረግሁት ይህ ነው። ለዘወትር ወጥ ፈሳሽ ዘይት በልክ እጠቀማለሁ። ጥብስ የምንበላው አልፎ አልፎ ነው፤ ድንቹን መቀቀል ለምደናል። ስጠብስ ትንሽና ጎድጎድ ያለ ድስት እመርጣለሁ፤ ጥቂት ዘይት ይበቃዋል፣ የሚተርፈውም ትንሽ ነው። ዘይቱ እስኪጨስ አልጠብቅም፤ ቁራሽ ሊጥ ጣል አድርጌ ወዲያው ከተንሳፈፈ ደርሷል። ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ያለ ርኅራኄ አስወግደዋለሁ። ስቆጥረው፣ በወር የምገዛው ዘይት ከበፊቱ አልጨመረም።

ባለቤቴንም ይቅርታ ጠየቅሁት። «ጥፋቱ የዘይቱ ብቻ አልነበረም፤ የጣሳዬም ነበር» አልኩት። እርሱም ሳቅ ብሎ «የበላሁትስ እኔ አይደለሁ?» አለኝ። ከስድስት ወር በኋላ ሲመረመር ቁጥሩ ዝቅ ብሏል፤ ሐኪሙ ግን ክትትሉን እንዳያቋርጥ አሳስቦታል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱን በጸሎትም በጥንቃቄም እየጠበቅን ነው።

እናንተስ? እስቲ ዛሬ ማታ ባልና ሚስት አብራችሁ ጓዳ ግቡና ጣሳችሁን ክፈቱ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ሳትከራከሩ ዘይቱን አይታችሁ ወስኑ። ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።