ሳንባውን ለውሻው ከመወርወራችሁ በፊት

‹‹ውሻዬን ጥሬ ላስጀምረው ነው›› አለችኝ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ። ነገሩን ስትሰብከኝ አዲስ ሃይማኖት የያዘች ነው የምትመስለው። የታሸገ ምግብ የውሻ ምግብ አይደለም፣ ውሻ የተፈጠረው ለጥሬ ሥጋና ለአጥንት ነው፣ ዘመዱ ተኩላ ምድጃ የለውም... ሳቄ መጣ። እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ ጥሬ የሚበላ ውሻ ለእኔ ምኑ ነው ዜናው?

ፋሽኑን ካስፋፉት ሰዎች አንዱ አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንግኸርስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 መጽሐፍ አሳትሞ ‹‹ለውሻችሁ ጥሬ ሥጋና አጥንት ስጡት›› አለ፤ ፈረንጁም ተከተለው። በእኛ አገር ግን ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ሊማሊሞን ወርዳችሁ እስከ ድብ ባሕር፣ መጽሐፍ ያላነበበ ውሻ ሁሉ ጥሬ ይበላል። በአዘቦት ቀን ቁራሽ እንጀራና የገበታ ፍርፋሪ ነው። በግ የታረደ ቀን ግን ለውሻም ዓመት በዓል ነው፤ ጉበቱና ጨጓራው ለሰው፣ ቆዳው ለገበያ፣ ሳንባው ለውሻ። የአክስቴ ውሻ ‹‹ምናገባህ›› (ስሙ ለጎረቤት የተላከ መልእክት መሆኑን ያገሬ ሰው አይስተውም) ቢላዋ ሲሳል ከሰማ ከበር አይነቃነቅም።

ችግሩ ያለው እዚያ ሳንባ ላይ ነው።

በግ ስታርዱ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአንድ ትንሽ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ያለበት ከረጢት ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው እጩ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ሣሩ ላይ፣ ውሃው ላይ፣ የራሱ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በጉ ሣሩን ይግጣል፣ እንደገና ሳንባው ይቋጥራል፣ እንደገና ለውሻ ይወረወራል። ሰውም መሀል ይገባል። ውሻውን ሲያሻሽ የዋለ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ቁራሹን ይጎርሳል። ከዚያ በኋላ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊያድግ ይችላል። ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ውሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ጅራቱን እየቆላ ይቀበላችኋል።

በቄራ የሚታረድ ከሆነ የሥጋ መርማሪ እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት ለይቶ ያስወግዳል። በጓሮ ሲታረድ ግን መርማሪው ማነው? እኛው ነን።

ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። ‹‹እትዬ፣ ሳንባውን ቀቅለው ይስጡት›› ስላት፣ ‹‹አንቺ ልጅ፣ ለሰው የሚሆን እንጨት ጠፍቶ ለውሻ ልቀቅል?›› አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚያ ብርድ የእንጨት ዋጋ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሚገዛው ነው። ‹‹እኛ ኮሶ ሲይዘን ኮሶ እንጠጣለን፤ ለምናገባህ ኮሶ የሚያጠጣው ማነው?›› ብላት ሳቀች። በኋላ ተስማማን፦ ወጡ ሲወጣ በተረፈው እሳት መቀቀል፤ እሳት ከሌለ ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር።

‹‹በምክር ማን ተለወጠ?›› ለምትሉኝ ደግሞ የአይስላንድን ልንገራችሁ። ብርድ፣ በግና ውሻ የበዛበት አገር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይኸው በሽታ ሕዝቡን ያሠቃየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 ሃራልድ ክራበ የተባለ ዴንማርካዊ ሄዶ ጉዳዩን አጠና። በዓመቱ ስለ በሽታው የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ለየቤቱ በነፃ ታደለ። ዋናው መልእክት ‹‹የታመመ ሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ›› ነው። ሕግም ተከተለ፣ ውሾችም ታከሙ፤ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሳያልቅ በሽታው ከአገሩ ጠፋ። ጋዜጠኝነት ተምሬ ‹‹ጽሑፍ ምን ይለውጣል?›› ለሚለኝ ሰው የምመልሰው አንዱ መልስ ይህ ነው።

ወደ ጓደኛዬ ስብከት ልመለስ፤ ‹‹ዘመዱ ተኩላ›› ላለችው። የእኛው ስሜን ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። እሱ አይጥና ፍልፈል እያደነ ጥሬውን ይኖራል፤ ያምርበታልም። ውሻ ግን ከሰው ጋር እህል መብላት ከጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት ውሻ ስታርች ለመፍጨት የሚረዳው ጂን ከተኩላ በብዙ እጥፍ የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በእንጀራ ያደገ ውሻ ስላላችሁ አትፈሩ፤ ሆዱ የእህል ሆድ ነው። የምትፈሩት ወጡን ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ። የተቀቀለ አጥንትም ሲሰባበር ይወጋልና አትስጡት።

በቤት የተሠራ ትኩስ ምግብ ለውሻ ጥሩ ነገር ነው፤ የተቀቀለ ሥጋ ከእንጀራ ወይም ከሩዝ ጋር፣ ያለ በርበሬና ያለ ሽንኩርት። ቀይ ሥጋ እንደ ሳንባና ጉበት የዚህ ትል ዋና ማደሪያ ባይሆንም፣ ጥሬው እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎችን ወደ ወጥ ቤታችሁ ሊያስገባ ይችላል። ሳንባና ጉበት ከሆነ ግን 30 ደቂቃ ይንተክተክ፤ በውስጡ ያለውን እጭ ለመግደል ይህን ያህል እንደሚበቃ ተጠንቷል። የእንስሳት ሐኪም የሚያዝለትን የትል መድኃኒትም በጊዜው ስጡት። ልጆች ከውሻው ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር በየጓሮው በግ ይታረዳል፣ በየሰፈሩ ቅርጫ ይገባል። ቢላዋው የሚያዘው በወንዶቹ እጅ ነው፤ ሳንባው ወዴት እንደሚሄድ የሚያየው ግን ከአጠገባቸው የቆመ ሁሉ ነው። ዘንድሮ ከአጠገባቸው ቁሙና ‹‹ቆይ፣ አትወርውረው›› በሉ።